ጨርቁ ጉልበትዎን አያየውም፦ ስለ «ብልህ ልብስ» ለተጻፈው ምላሽ

ጽሑፉን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ሰው ላከልኝ። ሦስቱም «ይሄ ያንተ ነገር አይደል?» ብለው ነው የላኩት። አዎ፣ የኔ ነገር ነው። ሲለጠጥ የሚለካ ጨርቅ ስሰፋ፣ ስፈትሽ፣ ተርትሬ መልሼ ስሰፋ ዓመታት አልፈውኛል። ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት፣ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ከጨርቅ የተሠሩ የመለጠጥ ሴንሰሮች የመገጣጠሚያን ማዕዘን በቀጥታ ይለካሉ። ይበልጥ ስሱ በሆኑ ቁጥር፣ ማለትም ትንሽዋም መለጠጥ በተሰማቻቸው ቁጥር፣ ልኬታቸው ይበልጥ ትክክል ይሆናል። እንደ ማንኛውም ልብስ ይታጠባሉ። ከአንድ ካናቴራ ትንፋሽም፣ የልብ ምትም፣ ኢሲጂም (የልብ የኤሌክትሪክ ምልክት) ይነበባል። ስለዚህ ስትሮክ የመታው ወይም ጉልበቱን በቀዶ ሕክምና ያስቀየረ ሰው ልብሱን ለብሶ ቤቱ ያገግማል፣ ፊዚዮቴራፒስት አያስፈልገውም።

ጸሐፊው ዋሾ አይደለም። የጓጓ ሰው ነው። እኔም ስጀምር እንደሱ ነበርኩ። አንድ ነገር ላይ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ልክ ነው፤ ሰው የማይመቸውን ነገር አይለብስም። ፕላስቲክና ብረት የበዛበት መሣሪያ ሁለት ቀን ይለበስና መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ጨርቅ ጨርቅ የምንለው ለዚህ ነው። ጠባችን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

አንደኛ፦ «ማዕዘን በቀጥታ ይለካል»

በቀጥታ የሚባል ነገር የለም። ጨርቁ ጉልበት የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም። የሚያውቀው የራሱን መለጠጥ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን የሚነግረን በተዘዋዋሪ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብር የተለበጠ የናይለን ክር ይወሰድና እንደ ሹራብ ይሠራል። ሹራብ ማለት እርስ በርሱ የተያያዘ የክር ቀለበት ነው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ክሩን ተከትሎ ብቻ አይሄድም፤ ቀለበቶቹ በሚነካኩበት ቦታም ያቋርጣል። ጨርቁ ሲለጠጥ አንዳንዱ ንክኪ ይጠብቃል፣ አንዳንዱ ይላላል። ያኔ የኤሌክትሪክ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን፣ ይቀየራል። እኛ የምናነበው ይህንን ለውጥ ነው። ሌላም ዓይነት አለ። ካርቦን የተቀላቀለበት ሲሊኮን ጨርቁ ላይ ይቀባል። ሲለጠጥ የካርቦኑ ቅንጣቶች ይራራቃሉ፣ ሬዚስታንሱም ከፍ ይላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሎርድ ኬልቪን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ በ1856 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የመዳብና የብረት ሽቦ ሲለጠጥ ሬዚስታንሱ እንደሚቀየር አሳይቷል። በ1938 ደግሞ ኤድዋርድ ሲሞንስ እና አርተር ሩጅ፣ ሁለቱም አሜሪካ ሆነው ግን ለየብቻቸው፣ ቀጭን ሽቦ በሙጫ አጣብቀው ስትሬይን ጌጅ የሚባለውን ሠሩ። ዛሬ ዲጂታል ሚዛን ውስጥ ያለው የዚያ ዘር ነው። ድልድይ ላይ፣ የአውሮፕላን ክንፍ ላይም ይለጠፋል። ግን ብረት ከመቶ ጥቂት እጅ ከተለጠጠ በኋላ አለቀለት። ጉልበት ላይ ያለ ቆዳ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይለጠጣል።

እዚህ ጋ አንዲት ቃል ልብ በሉልኝ። ሙጫ። ስትሬይን ጌጅ ብረቱ ላይ ተጣብቋል፣ ስለዚህ የብረቱ መለጠጥ የሱም መለጠጥ ነው። ልብስ ግን ቆዳ ላይ አልተጣበቀም። ይንሸራተታል፣ ይሸበሸባል፣ ይዞራል።

እስቲ እናስላው። ጉልበትን 4 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ እንዳለው ክብ አድርገን እንየው። ሻካራ ግምት ነው፣ ግን ለጨዋታችን ይበቃል። ጉልበቱ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ከፊት ያለው ጨርቅ 6.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ለአንድ ዲግሪ 0.7 ሚሊ ሜትር ደረሰው ማለት ነው። ሰውየው ደረጃ ወጥቶ ወረደ እንበል፣ የጉልበት ማቀፊያውም 7 ሚሊ ሜትር ተንሸራተተ። የአውራ ጣት ጥፍር ወርድ ግማሽ ያህል ነው። ልኬታችን በ10 ዲግሪ ሳተ። ፊዚዮቴራፒስቷ በጎኒዮሜትር፣ ማለትም ሁለት ክንድ ባላት የፕላስቲክ ማስመሪያ ስትለካ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰብላት ስሕተት 5 ዲግሪ ገደማ ነው። ባትሪ የሌላት ፕላስቲክ በለጠችን።

በወረቀት ላይ ብቻ የሚሆን ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ባልደረባዬ የሰፋሁትን ማቀፊያ አድርጎ ደረጃ ሲመላለስ ቆየ። ጨርሶ ፊቴ ቆመ። ስክሪኑ ጉልበቱ 14 ዲግሪ ታጥፏል ይላል።

«ቀጥ በል እንጂ።»

«ቀጥ ብያለሁ!»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። የማቀፊያው የላይኛው ጠርዝ ጭኑን እንደያዘ ቀርቷል። የታችኛው ወርዷል። ሴንሰሩ መሐል ላይ ተወጥሮ ቀርቷል። ጨርቁ አልዋሸም፤ ተለጥጧል፣ ተለጠጥኩ አለ። የዋሸነው እኛ ነን፣ መለጠጡን «ማዕዘን» ብለን ስክሪን ላይ የጻፍነው።

መላ የለውም አይደለም። በለበሱት ቁጥር አንዴ ቀጥ ብሎ መቆም፣ አንዴ 90 ዲግሪ አጥፎ መቀመጥ፣ ለሶፍትዌሩ ሁለቱን ነጥቦች መስጠት ነው። ካሊብሬሽን የሚሉት ይሄው ነው። ጭኑና ባቱ ላይ የማያንሸራትት የሲሊኮን መስመር ማድረግም ይረዳል። ጽሑፉ ስለዚህ ሁሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ሁለተኛ፦ «ይበልጥ ስሱ ከሆነ ይበልጥ ትክክል ነው»

ጸሐፊው የጌጅ ፋክተር ቁጥሮችን የደረደረው እዚህ ላይ ነው። ሁለት፣ ሃምሳ፣ ሁለት ሺህ። የመኪና ፍጥነት የሚያወዳድር ነው የሚመስለው።

ጌጅ ፋክተር ማለት ሬዚስታንሱ በመቶ ስንት እጅ ተቀየረ የሚለው፣ ጨርቁ በመቶ ስንት እጅ ተለጠጠ ለሚለው ሲካፈል የሚገኘው ነው። የብረቱ ስትሬይን ጌጅ 2 ገደማ አለው። በ2014 የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ሸረሪት እግሯ ላይ ባሉ ስንጥቆች ንዝረትን እንደምትሰማ አይተው፣ ሆን ተብሎ የተሰነጣጠቀ ስስ የብረት ንጣፍ ሠሩ። ጌጅ ፋክተሩ ከ2000 በላይ ሆነ። ድንቅ ሥራ ነው። ግን ይህ የሚሆነው መለጠጡ ከመቶ 2 እጅ ሳያልፍ ነው። ለጉሮሮ ንዝረት ወይም ለደም ስር ምት ይሁን። ጉልበት ላይ ብታደርጉት ግን ሰውየው የመጀመሪያዋን እርምጃ ሳይጨርስ ከክልሉ ይወጣል።

በተቃራኒው ደግሞ በ2011 ጃፓን ውስጥ ከተደረደሩ ካርቦን ናኖቲዩቦች፣ ማለትም እጅግ ከቀጠኑ የካርቦን ቱቦዎች፣ የተሠራ ሴንሰር አለ። እስከ 280 ፐርሰንት ይለጠጣል። ጌጅ ፋክተሩስ? እስከ 40 ፐርሰንት ድረስ 0.82፣ ከ60 ፐርሰንት በኋላ 0.06። እጅግ ይለጠጣል፣ እጅግ ደንዝዟል። ሁለቱም በጥብቅ ካየናቸው ጨርቅ አይደሉም። ጨርቁም ግን ከዚሁ ጣጣ አያመልጥም። ስሱነትና ብዙ መለጠጥ ባንድ ጉሮሮ አይወርዱም። «የትኛው ይሻላል?» ከማለት በፊት «የት ሊለበስ?» መባል ያለበት ለዚህ ነው።

እኔን ግን የሚያስጨንቀኝ ስሱነቱ አይደለም። ሂስተሪሲስ የሚባለው ነው። ነገሩን ለማየት አዲስ ያልሆነ የላስቲክ ሱሪ ይበቃል። ወገቡን ሳቡትና ልቀቁት። ይመለሳል፣ ግን ወዲያው አይደለም፣ ደግሞ ወደነበረበትም በትክክል አይደለም። ጨርቅም ሲለጠጥ ሲሄድና ሲመለስ መንገዱ ይለያያል። ስለዚህ ጉልበቱ 40 ዲግሪ ላይ እየታጠፈ ሲያልፍና እየተዘረጋ ሲያልፍ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይወጣል። የትኛው ነው 40?

ከዚህ የባሰም አለ። ሕመምተኛው ጉልበቱን አጥፎ ለአምስት ደቂቃ እንዲይዝ ተነገረው እንበል። እሱ ፍንክች አላለም። ክሮቹ ግን ቀስ እያሉ ይላላሉ፣ ቁጥሩም ቀስ እያለ ይሄዳል። አፕሊኬሽኑ ላይ ሲታይ ሰውየው እግሩን እያነቃነቀ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ ሽቦ ተላቆ መስሎኝ ግማሽ ቀን ሽቦ ስፈትሽ ውያለሁ።

ስለዚህ እኔ ለመገጣጠሚያ ብመርጥ የምመርጠው ማንም በኩራት የማያወራለትን ነው። ሁለት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ጨርቆች፣ መሐላቸው ሲሊኮን። ካፓሲተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚይዝ ነገር ነው። ሲለጠጥ ስፋቱ ይጨምራል፣ ሲሊኮኑ ይሳሳል፣ ካፓሲታንሱ (ቻርጅ የመያዝ አቅሙ) ከፍ ይላል። ጌጅ ፋክተሩ 1 አካባቢ ነው። ቁጥሩን ጽሑፍ ላይ ብታዩት ታልፉታላችሁ። ግን ሲሄድና ሲመለስ መንገዱ ብዙ አይለያይም፣ ነገም የዛሬውን ይደግምላችኋል። የሱም ጣጣ አለው፤ እጅ ሲጠጋው ወይም ሲረጥብ ይደናገጣልና መከለያ ይፈልጋል። ቢሆንም ሕክምና ላይ ከፍ ካለ ቁጥር ይልቅ የሚደገም ቁጥር ይጠቅመኛል።

ሦስተኛ፦ «እንደ ማንኛውም ልብስ ይታጠባል»

ጥያቄው «ይታጠባል ወይ?» አይደለም። ሁሉም ነገር ይታጠባል። ጥያቄው «ከስንት እጥበት በኋላ ቁጥሩ በስንት ተቀየረ?» ነው። ለቤት ውስጥ አስተጣጠብ አይኤስኦ 6330 የሚባል ደረጃ አለ። በየትኛው ሙቀት፣ በምን ዓይነት ዑደት እንደሚታጠብ ይወስናል። በዚያ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ለክቶ ያላሳየ ሰው «ይታጠባል» ሲል አልሰማውም።

ጎግልና ሊቫይስ በ2017 አብረው ያወጡትን ጃኬት አስታውሱ። እጅጌው ላይ ንክኪ የሚያነብ ክር ነበረው። የሁለቱ ኩባንያዎች ገንዘብና ባለሙያ ተደምሮ፣ ሲወጣ የተነገረለት ወደ 10 እጥበት ይችላል ተብሎ ነው። ጃኬት ስለሆነ ያዘልቃል። በየሁለት ቀኑ የሚታጠብ የጉልበት ማቀፊያ ግን በ20 ቀን አለቀ ማለት ነው፣ ማገገም ደግሞ ወራት ይፈጃል።

ብሩ በእጥበት እየተፋቀ ይሄዳል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ የኔ ሴንሰሮች ብዙውን ጊዜ የሚሞቱት በብሩ አይደለም። ለስላሳው ክር ጠንካራውን ሽቦ ወይም የሚጫነውን ቁልፍ የሚያገኝበት ቦታ ላይ ነው። ጨርቁ ይታጠፋል፣ ብረቱ አልታጠፍ ይላል፣ ክሩ መሐል ላይ ይበጠሳል። አንዴ ደግሞ በራሴ ጥፋት፣ ሴንሰሩን በቀጥታ ስፌት ማቀፊያው ላይ ሰፋሁት። ስፌቱ አይለጠጥም። ሴንሰሩም አብሮ አልለጠጥም አለ። ዚግዛግ አድርጌ እስክሰፋው ድረስ ጉልበቱ ቢታጠፍም ባይታጠፍም ቁጥሩ ያው ነበር።

ላብም አለ። ላብ ጨው ያለበት ውኃ ነው፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በሹራቡ ቀለበቶች መካከል አቋራጭ ይሠራል፣ ሬዚስታንሱን ያወርዳል። ሰውየው ስላላበው ብቻ ማሽኑ እግሩን ያንቀሳቀሰ ይመስለዋል። ክሩን በሲሊኮን መሸፈን ይቻላል። ግን ያኔ አየር አያስገባም፣ ይበልጥ ያልባል።

አራተኛ፦ «ትንፋሽም፣ የልብ ምትም፣ ኢሲጂም»

ሦስቱን ባንድ ከረጢት መክተት ልክ አይደለም።

ትንፋሽ ላይ ጸሐፊው ልክ ነው፣ እንዲያውም አሳንሶ ነው የጻፈው። ደረትና ሆድ ላይ የሚታሰር፣ ዚግዛግ ሽቦ የተሰፋበት ላስቲክ ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለ። የእንቅልፍ ምርመራ ላይ ዛሬም ይሠራል። እሱ የሚያነበው ሬዚስታንስ ሳይሆን ኢንዳክታንስ የሚባል ሌላ የኤሌክትሪክ ባሕርይ ነው፣ ግን ቁም ነገሩ ያው ነው፤ ልብስ ይለጠጣል፣ ማሽን ያነባል። ሁለት ቦታ መታሰሩ ደግሞ ጥበብ አለው። ጤነኛ ሰው ሲተነፍስ ደረትና ሆድ አብረው ይነሳሉ። የአየር መንገዱ ሲዘጋ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይወርዳል።

ትንፋሽ ላይ ጨርቅ የሚሳካለት ለምንድነው? መቁጠር ብቻ ስለሚበቃ። አዋቂ ሰው አርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ዝቅ ካለ አንድ ትንፋሽ ነው። ሴንሰሩ ቀስ እያለ ቢሄድም፣ ትንሽ ቢንሸራተትም፣ ቢታጠብም፣ ምቱ ይቆጠራል። ማዕዘን ሲለካ የሚገድለው ስሕተት እዚህ አይገድለውም። ጸሐፊው ይህንን ልዩነት ቢያይ ኖሮ ግማሹን ጽሑፍ ራሱ ይሰርዘው ነበር።

የልብ ምት አርፈው ከተቀመጡ ይነበባል፤ የደም ስር ምት ቆዳን ትንሽ ይገፋል። ተነስተው ከተራመዱ ግን የእርምጃው ንቅናቄ ይውጠዋል። ኢሲጂ ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ ነገር ነው። ልብ የምታመነጨውን አንድ ሚሊ ቮልት ገደማ የሆነ ኤሌክትሪክ በኤሌክትሮድ ማንሳት ነው። መለጠጥ የለበትም። ኤሌክትሮዱን ከጨርቅ መሥራት ይቻላል፤ በአሜሪካ የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች በ1996 የጀመሩት ካናቴራ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ግን እሱን የመለጠጥ ሴንሰር ሥራ ብሎ መጻፍ፣ ቴርሞሜትርን ሚዛን እንደማለት ነው። እንዲያውም መለጠጥ ለኢሲጂ ጠላቱ ነው፤ ኤሌክትሮዱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር መስመሩ ይረበሻል።

አምስተኛ፦ «ፊዚዮቴራፒስት አያስፈልግም»

ዋናው ጉዳያችን እዚህ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት ጊዜ ተሳስቷል። ሴንሰሩ የማይችለውን ሰጠው። የሚችለውን ደግሞ ነፈገው።

መጀመሪያ የማይችለው። ስትሮክ የመታው ሰው ጠረጴዛ ላይ ወዳለ ኩባያ እጁን እንዲዘረጋ ተነገረው። ክርኑ ላይ ሴንሰር አለ። ሰውየው ክርኑን በደንብ መዘርጋት ያቅተዋል፣ ስለዚህ ወገቡን ወደ ፊት ያጋድላል፣ ትከሻውን ያነሳል፣ ኩባያው ጋ ይደርሳል። ክርኑ ትንሽ ተንቀሳቅሷልና ሴንሰሩ «አንድ» ብሎ ቆጠረ። ሃያ ጊዜ ደገመው። አፕሊኬሽኑ ጎበዝ አለው። ሰውነቱ ግን ሃያ ጊዜ የተለማመደው አቋራጩን ነው። ባለሙያዋ ብትኖር በመጀመሪያው ላይ ደረቱን በእጇ ያዝ አድርጋ «ወገብህን ተውና በክርንህ» ትለው ነበር። ጀርባ ላይ ሌላ ሴንሰር ማድረግ ይቻላል? ይቻላል፣ ይጠቅማልም። ግን የት እንደሚደረግ የሚያውቅ የሷ ዓይን ነው።

ሌላው አለባበሱ ነው። ከስትሮክ በኋላ የብዙ ሰው እጅ ተጨብጦ ይጠነክራል። እስቲ ያንን እጅ ጠባብ ጓንት ውስጥ አስገቡት። አምስት ጣት፣ አንድ በአንድ፣ በአንድ እጅ። ሰውየው ብቻውን ከሆነ አይሆንለትም። «ቤቱ ብቻውን ያገግማል» የተባለለት ሰው ጓንቱን ለመልበስ ሁለተኛ ሰው ያስፈልገዋል። ጓንት የሚነድፍ ሰው ሁሉ እጁን ጨብጦ፣ ሳይከፍት፣ ሌላ ሰው እንዲያለብሰው ቢያደርግ መልካም ነው። እኔ ሞክሬዋለሁ። በማግስቱ ንድፉን ጣልኩት፣ ጀርባው ክፍት የሆነና በቬልክሮ የሚታሰር ሠራሁ።

ጉልበት ላይ ደግሞ እብጠት አለ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጉልበት ያብጣል፣ ከዚያ ይጎድላል። ማቀፊያው ሰኞ ጠባብ ነው፣ በሳምንቱ ሰፊ ነው። ዜሮው በየቀኑ ይሸሻል።

አሁን የሚችለው። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ሕመምተኛው በሳምንት ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት ከባለሙያዋ ጋር ይሠራል እንበል። 165ቱ ሰዓት ጨለማ ነው። «ቤት ሠራህ?» ትለዋለች። «ሠርቻለሁ» ይላል። ሁለቱም ያውቁታል።

ኤድዋርድ ታውብ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከጦጣዎች ጀምሮ ያጠናው ነገር አለ። የተጎዳ እጅ መሥራት እየቻለም ባለቤቱ ይተወዋል። ሞክሮ ስላቃተው ጤነኛውን ለመደ፣ በዚያው ቀረ። ክሊኒክ ውስጥ ሲታዘዝ እጁን ያነሳል፤ ቤት ሲሄድ ኪሱ ውስጥ ነው። ይህን ለማየት ተመራማሪዎች አክስለሮሜትር የሚባል እንቅስቃሴ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ የእጅ አንጓ ላይ ያስራሉ። እሱ ግን ሰውየው ሲራመድ የሚወዛወዘውንም እጅ «ሠራ» ብሎ ሊቆጥር ይችላል። ክርንና ጣት ላይ ያለ ጨርቅ ይህንን ይለያል። እጁ ቢወዛወዝም ጣቶቹ ካልታጠፉ ምንም አልጨበጠም። ማዕዘኑ በ10 ዲግሪ ቢሳሳትም ግድ የለም። ጥያቄው «ተጠቀመበት ወይስ አልተጠቀመበትም?» ነው። ይህ እንደ ትንፋሹ ነው፣ መቁጠር ይበቃል።

እኔ የምጓጓለት ይሄ ነው፣ ጽሑፉ ውስጥ ግን የለም። ባለሙያዋ ጠዋት ስትገባ ያለፉትን ቀናት አይታ «ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እጅህን ጨርሶ አልነካኸውም፣ ምን ሆነህ ነው?» ብትለው፣ እሱም «ትከሻዬን አሞኝ» ቢላት፣ የዚያን ቀን ሥራ ከትከሻው ይጀመራል።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ያመሰገነውን የጉልበት ማቀፊያ ካገኘው ይልበሰው፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ቁጥሩን ይጻፍ። ያውልቀው። አምስት ደቂቃ ይቆይና መልሶ ይልበሰው፣ እንደገና ቀጥ ብሎ ቆሞ ይጻፍ። አሥር ጊዜ። አሥሩን ቁጥሮች ብቻ ያውጣቸው፣ እኔ ከዚያ እቀጥላለሁ።